አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲሰንፉ፦ የአንድ ብርቅ የነርቭ ሕመም መንስኤ ፍለጋ ታሪክ

ከአንገት አከርካሪ ተነሥተው ክንድን ተከትለው እስከ ጣቶች ጫፍ ከሚወርዱት ዋና ዋና ነርቮች አንዱ የመሃለኛው ነርቭ፣ በሐኪሞች ዘንድ በተለመደው ስሙ ሚዲያን ነርቭ፣ የሚባለው ነው። ይህ ነርቭ በላይኛው ክንድ ውስጠኛ ጎን ወርዶ፣ በክርን መታጠፊያ ፊት ለፊት አልፎ፣ ከክርን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ይሰጣል። ቅርንጫፉ በታችኛው ክንድ ሁለት አጥንቶች መካከል በተወጠረው ስስ ገለፈት ፊት ለፊት እያለፈ ወደ እጅ አንጓ ስለሚወርድ አንቲርየር ኢንተሮሲየስ ነርቭ፣ ማለትም በአጥንቶቹ መካከል የሚያልፈው የፊተኛው ነርቭ፣ የሚል ስም ተሰጥቶታል። ሥራው ጥቂት ቢሆንም ለሰው እጅ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ የአውራ ጣትን የመጨረሻ አንጓ የሚያጥፈውን ጡንቻ፣ የሌባ ጣትንና ብዙ ጊዜም የመሃል ጣትን ጫፍ የሚያጥፈውን የጥልቁን ጡንቻ ክፍል፣ እንዲሁም ከእጅ አንጓ አጠገብ ሆኖ መዳፍን ወደ መሬት የሚያዞረውን አራት ማዕዘን ጡንቻ ያንቀሳቅሳል። ከቆዳ የሚያመጣው ስሜት ግን የለም፤ ስለዚህ ሲታመም መደንዘዝም ሆነ መጠዝጠዝ በጣቶች ላይ አይታይም።

የዚህ ቅርንጫፍ ሽባነት የደረሰበት ሰው መርፌ ማንሣት፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ እስክሪብቶ አጥብቆ መያዝ ይቸግረዋል። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጋጥሞ ክብ ቀለበት እንዲሠራ ሲጠየቅም ሁለቱ ጣቶች በጫፋቸው መገናኘት ተስኗቸው በሆዳቸው ይለጠፋሉ፤ ቀለበቱም ተጠፍጥፎ የእንባ ቅርጽ ይይዛል። ሕመሙ ብርቅ ነው፤ በላይኛው የሰውነት ክፍል ከሚታዩት የነርቭ ሕመሞች ሁሉ ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞላ በሕክምና መጻሕፍት ይነገራል። ይሁን እንጂ መንስኤው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ከ60 ዓመታት በላይ ሐኪሞችን በሁለት ወገን ሲያከራክር ኖሯል፤ አንደኛው ወገን ነርቩ በታችኛው ክንድ ውስጥ በጡንቻ ወይም በጅማት ይጨመቃል ሲል፣ ሌላው ነርቩ ራሱ ይቆጣል፣ ጨማቂ የሚባለውም ነገር ብዙ ጊዜ የለም ይላል። የክርክሩ ውጤት ለሕመምተኛው ክንዱ በቢላ መከፈት አለመከፈቱን የሚወስን በመሆኑ፣ ታሪኩን ከመነሻው መከተል ተገቢ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕመሙ ከመታወቁ በፊት የአካሉ ካርታ ተሥሏል። በ1763 ስዊድናዊው የአናቶሚ ምሁር ሮላንድ ማርቲን በአንዳንድ ሰዎች ታችኛ ክንድ ውስጥ ከመሃለኛው ነርቭ ወይም ከቅርንጫፉ ተነሥተው በትንሿ ጣት በኩል ወደሚያልፈው ወደ አልናር ነርቭ የሚሻገሩ ክሮች መኖራቸውን ገለጸ፤ በ1870 ቬንዜል ግሩበር ይህንኑ በስፋት ስላጠናው መሻገሪያው እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል፣ በ1813፣ ካርል ፍሬድሪክ ሉድቪግ ጋንትዘር ስለ ጡንቻዎች ልዩ ልዩ አፈጣጠር በጻፈው ድርሰት የአውራ ጣትን አጣፊ ጡንቻ የሚያግዝ አንድ ተጨማሪ ትንሽ የጡንቻ ራስ መዘገበ። ይህ የጋንትዘር ጡንቻ ከአንቲርየር ኢንተሮሲየስ ነርቭ ጋር ተጎራብቶ የሚገኝ በመሆኑ፣ ከ150 ዓመታት በኋላ ነርቩን በመጨቆን ከሚጠረጠሩት ውስጥ ስሙ በግንባር ቀደምትነት ይነሣል። ጋንትዘር ግን ያየውን ልዩነት መዘገበ እንጂ ከሕመም ጋር አላያያዘውም።

ነርቭ ሲጎዳ ምን እንደሚሆን የተረዳው ደግሞ 19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ኦገስተስ ዎለር በ1850 የእንቁራሪት የምላስ ነርቮችን ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ከተቆረጠበት ቦታ በታች ያለው የነርቭ ክር ከሕዋሱ ስለተለየ ቀስ በቀስ እንደሚፈርስ አሳየ። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የፈረሰው ክር ከላይ ወደ ታች እንደገና እንደሚያድግ፣ ፍጥነቱም በቀን ወደ 1 ሚሊ ሜትር እንደሚጠጋ ለኩ። ይህ አንድ ቁጥር በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው፤ ጉዳቱ ከጡንቻው 25 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ክሩ ተመልሶ እስኪደርስ ስምንት ወር ያህል ይፈጃል ማለት ነውና፣ አንድ ሐኪም ሕመምተኛው አልዳነም ብሎ ተስፋ የሚቆርጥበት ጊዜ ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚለካው በዚሁ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ሲላስ ዊር ሚቸልና ሁለት ባልደረቦቹ በፊላደልፊያ በጥይት የተጎዱ ወታደሮችን መርምረው በ1864 ያሳተሙት መጽሐፍ የነርቭ ጉዳትን ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ አደረገው።

በ1881 ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን ክንድ ተሰብሮ እጅግ ተጠብቆ ሲታሰር የሚመጣውን ጥፋት ጻፈ። በታሰረው ክንድ ውስጥ እብጠቱ መውጫ ሲያጣ የደም ዝውውር ይቋረጣል፤ ጡንቻዎቹ ይሞታሉ፤ በኋላም ተኮማትረው ጣቶችን እንደታጠፉ ያስቀራሉ። በዚህ ጥፋት ቀድመው ከሚጠቁት መካከል የአውራ ጣትና የሌባ ጣት ጥልቅ አጣፊዎች ይገኛሉ፤ ወደ አጥንቱ ተጠግተው በጥልቁ ክፍል የሚገኙ ናቸውና። ስለዚህ የፎልክማን ሕመምና የአንቲርየር ኢንተሮሲየስ ነርቭ ሽባነት ሊምታቱ ይችላሉ፤ ልዩነታቸው ግን የሕይወትና የሞት ያህል ነው፣ በአንደኛው ጡንቻው ራሱ በሰዓታት ውስጥ ይሞታልና። ይህ ነጥብ በኢትዮጵያ ልዩ ትኩረት ያሻዋል። በብዙ አካባቢ የተሰበረ ክንድ በመጀመሪያ የሚቀርበው ለወጌሻ ነው፤ በቀርከሃና በጨርቅ ተጠብቆ የታሰረ የሕፃን ክንድ ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ መድረሱም በአገሪቱ ሆስፒታሎች ደጋግሞ የታየ አሳዛኝ እውነት ነው። ታስሮ የሚያብጥ፣ የሚጠቁር፣ ወይም ጣቶቹ ቀና ሲደረጉ ሥቃዩ የሚበረታ ክንድ እስሩ ወዲያው ተፈትቶ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ሕመም በሌላ አቅጣጫ ብቅ አለ። በማንቸስተር የነበረው ሐኪም ጁሊየስ ድሬሽፌልድ በ1886 ብርቅ ስለሆኑ የጡንቻ መመንመን ዓይነቶች ሲጽፍ፣ ምንም አደጋ ሳይደርስ በትከሻና በክንድ ላይ ድንገት የሚነሣ የነርቭ ብግነትን መዘገበ። ብግነት ማለት ሰውነት ራሱን ለመከላከል በአንድ ቦታ የሚያስነሣው መቆጣት ሲሆን፣ ከቁስል ወይም ከጀርም ውጭም ሊመጣ ይችላል። የድሬሽፌልድ ምልከታ በጊዜው ብዙም ትኩረት አላገኘም፤ ለቀጣዮቹ 50 ዓመታት የሐኪሞች ዓይን ያረፈው በጥይትና በሳንጃ ላይ ነበር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ሲል ጀርመናዊው የአጥንት ሐኪም አዶልፍ ሽቶፌል አንድ ትልቅ ሐሳብ አቀረበ። አንድ ነርቭ በውስጡ ብዙ ጥቅሎችን የያዘ ሲሆን እያንዳንዱ ጥቅል በሺህ የሚቆጠሩ ክሮችን ይሸከማል። ሽቶፌል ለየጡንቻው የሚሄዱት ጥቅሎች በነርቩ ውስጥ ከላይ እስከ ታች የየራሳቸውን ቋሚ ቦታ ይዘው እንደሚወርዱ አመነ። ይህ እውነት ከሆነ፣ ለአውራ ጣትና ለሌባ ጣት የሚሄዱት ክሮች ገና በላይኛው ክንድ ሳሉ በአንድ ጥቅል ተሰባስበው ሊጎዱ ይችላሉ። ሐሳቡ ጊዜውን የቀደመ ነበር፤ ነገር ግን የተደገፈው በበቂ ማስረጃ ስላልነበር ብዙዎች አልተቀበሉትም።

ጦርነቱ ራሱ የሚያሳዝን የማስረጃ ክምችት ፈጠረ። ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ዡል ቲኔል በለ ማን ከተማ በነበረው የነርቭ ሕክምና ማዕከል እጅግ ብዙ ቁስለኞችን መረመረ፤ የተጎዳ ነርቭ ሲያድግ ላዩ ሲመታ የሚሰማውን የመጠዝጠዝ ስሜት በ1915 የገለጸው እርሱ ስለሆነ ምልክቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1918 ደግሞ የመሃለኛው ነርቭ ሥራ ተከፍሎ፣ ማለትም የአንዳንድ ጡንቻዎች እንቅስቃሴ ብቻ ጠፍቶ የቀረው ሳይነካ፣ ሊታይ እንደሚችል ጻፈ፤ በሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የዚህ ሕመም የመጀመሪያው መግለጫ ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ነው። የቲኔል የዓይን ምስክርነት ትክክል ነበር። ለምን ተከፈለ ለሚለው ግን የጥይት ቁስል በቂ መልስ መስሎ ስለታየ፣ ጥይት ባልነካው ሰው ላይ ይኸው ነገር ሊደርስ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ገና አልተነሣም።

ጥያቄውን ያስነሣው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በመካከለኛው ምሥራቅ የእንግሊዝ ጦር ውስጥ ያገለግል የነበረው ጆን ስፒሌን በ1943 የ46 ወታደሮችን ታሪክ አሳተመ። እነዚህ ሰዎች በጥይት የተመቱ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ በሌላ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ወይም ከዚያ በኋላ በድንገት ኃይለኛ የትከሻ ሕመም ተነሥቶባቸው፣ ሕመሙ ሲረግብ ክንዳቸው የሰነፈ ነበሩ። በ1948 ሞሪስ ፓርሰኔጅና ጆን ኦልድረን ተርነር 136 ሕመምተኞችን አሰባስበው ይህንኑ በሰፊው ተነተኑ፤ ሕመሙንም ኒውራልጂክ አምዮትሮፊ፣ ማለትም ከነርቭ ሥቃይ ጋር የሚመጣ የጡንቻ መመንመን፣ ብለው ሰየሙት። ከሕመምተኞቻቸው በጥቂቶቹ ላይ ትከሻው ብቻ ሳይሆን አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን የሚያጥፉት ጡንቻዎችም ሰንፈው እንደነበር አስተውለዋል። ይህ ምልከታ ከዚህ ታሪክ እጅግ ውድ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ሁለቱ ሐኪሞች በአንድ ዓይነት ሕመም ትከሻና ጣት ሊጠቁ እንደሚችሉ ሲያዩ፣ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ግን ለብዙ ዘመን ትከሻውን ለአንድ መንስኤ፣ ጣቱን ለሌላ መንስኤ ሰጥተው ነጣጥለዋቸዋልና።

በእነዚሁ ዓመታት ሁለት የምርምር ሥራዎች ለክርክሩ መሣሪያ አቀረቡ። እንግሊዛዊው ኸርበርት ሴደን በ1943 የነርቭ ጉዳትን በሦስት ደረጃ ከፈለ፦ ክሩ ሳይበጠስ ለጊዜው ሥራ የሚያቆምበት፣ ክሩ ፈርሶ ሽፋኑ ግን የሚተርፍበት፣ እና ነርቩ ሙሉ በሙሉ የሚቆረጥበት። አውስትራሊያዊው ሲድኒ ሰንደርላንድ ደግሞ በ1945 የክንድ ነርቮችን ከላይ እስከ ታች በስሱ እየቆራረጠ ካርታቸውን ሣለ፤ ጥቅሎቹ በየመንገዱ እርስ በርሳቸው ክር እየተለዋወጡ እንደሚሄዱ በማሳየትም የሽቶፌልን የቋሚ ቦታ ሐሳብ አፈረሰ። የሰንደርላንድ ሥራ ታላቅነቱ የማያጠያይቅ ቢሆንም፣ ካርታው አንባቢዎችን ወደ ሌላው ጫፍ የገፋ ይመስላል፤ በላይኛው ክንድ ውስጥ ክሮቹ ፍጹም ተደባልቀዋል፣ ስለዚህም ሁለት ጣት ብቻ የሰነፈበት ሰው ጉዳቱ የግድ ቅርንጫፉ ከወጣ በኋላ መሆን አለበት የሚለው እምነት ሥር ሰደደ። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች እንደታየው ግን ለቅርንጫፉ የሚሄዱት ክሮች ከክርን በላይም ረጅም መንገድ ተሰባስበው ይወርዳሉ።

ቲኔል በሞተበት በ1952 ሌስሊ ኪሎህና ሳሙኤል ኔቪን በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ሁለት ሕመምተኞችን አቀረቡ። ሁለቱም ሰዎች አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ማጠፍ ተስኗቸው ነበር፤ ስሜታቸው አልተነካም፤ ቁስልም አልነበረባቸውም። ጸሐፊዎቹ የጽሑፋቸውን ርእስ የአንቲርየር ኢንተሮሲየስ ነርቭ ብቸኛ ብግነት አሉት፤ በዚህም መንስኤውን በግልጽ ከጭቆና ሳይሆን ከመቆጣት ወገን አደረጉት። ሕመሙ ከዚያ ወዲህ ኪሎህ ኔቪን ሲንድረም እየተባለ በስማቸው ሲጠራ ኖሯል፤ የሚገርመው ግን ስማቸውን ከያዙት ሐኪሞች ብዙዎቹ እነርሱ ስለ መንስኤው ያሉትን መርሳታቸው ነው። ኪሎህ በኋላ ወደ አውስትራሊያ ሄዶ በአእምሮ ሕክምና የታወቀ ፕሮፌሰር ሆነ፤ የነርቩ ጉዳይ ደግሞ ከነርቭ ሐኪሞች እጅ ወጥቶ በቀዶ ሐኪሞች እጅ ገባ።

የተላለፈበት ዋና ምክንያት ዘመኑ ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በእጅ አንጓ ላይ የመሃለኛው ነርቭ በጠባብ መተላለፊያ የሚጨመቅበት የካርፓል ተነል ሕመም በቀላል ቀዶ ሕክምና መዳኑ በሰፊው ታውቆ፣ ሐኪሞች ለማንኛውም የነርቭ ስንፈት አንድ ጠባብ ቦታ መፈለግ ጀምረው ነበር። በ1951 ኖርዌያዊው ሄንሪክ ሴይፋርት ነርቩ ከክርን በታች መዳፍን በሚያዞረው ጡንቻ ሥር ሊጨመቅ እንደሚችል ጽፎ ነበር። በ1965 እንግሊዛውያኑ ፈርንና ጉድፌሎ አንቲርየር ኢንተሮሲየስ ነርቭ የሰነፈበትን ክንድ ከፍተው ነርቩን የሚጫን ጠንካራ የጅማት ሰቅ አገኙ፤ ሰቁንም ቆረጡት። ይህ ሪፖርት አጭር ቢሆንም ተጽዕኖው ረጅም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ክንድን የከፈተ ቀዶ ሐኪም ሁሉ የሚፈልገውን አውቆ ይከፍት ጀመር፣ የሚፈልገውንም አብዛኛውን ጊዜ ያገኝ ነበር።

የጭቆናውን ትምህርት በተሟላ ሁኔታ ያዘጋጀው አሜሪካዊው የእጅ ቀዶ ሐኪም ሞርተን ስፒነር ነው። በ1969 ከሽራይበር ጋር ሆኖ፣ ሕፃናት እጃቸውን ዘርግተው ሲወድቁ የላይኛው ክንድ አጥንት ከክርን በላይ ሲሰበር ይህ ነርቭ ሊሰንፍ እንደሚችል አሳየ። በእንዲህ ያለው ስብራት የተሰበረው አጥንት ሹል ጫፍ ወደ ፊት ወጥቶ ነርቩን ይገፋዋል፣ ይወጥረዋል፤ ዛሬም አጥንቱ ወደ ኋላ በተንሸራተተበት የሕፃናት ስብራት በብዛት የሚጎዳው ነርቭ ይኸው እንደሆነ የአጥንት ሐኪሞች ያስተምራሉ። ይህ ጉዳት መደንዘዝ ስለማያመጣ፣ የተሰበረ ክርን ይዞ የመጣን ልጅ አውራ ጣቱን እንዲያጥፍ አለመጠየቅ ጉዳቱን ሳያዩ እንደ ማሳለፍ ነው። አጥንቱ ተስተካክሎ ሲቀመጥ አብዛኞቹ ሕፃናት ያለ ሌላ ሕክምና በጥቂት ወራት ይድናሉ።

በ1970 ስፒነር ያሳተመው ሰፊ ጽሑፍ ደግሞ ሊጨቁኑ የሚችሉትን ነገሮች አንድ በአንድ ቆጠረ፦ መዳፍን የሚያዞረው ጡንቻ የጥልቁ ራስ የጅማት ሰቅ፣ የጣቶች የላይኛው አጣፊ ጡንቻ መነሻ ቅስት፣ የጋንትዘር ጡንቻ፣ ያልተለመደ መንገድ የሚይዝ የደም ሥር፣ የረጋ ደም ያጨቀየው የደም ሥር፣ በክርን አጠገብ ያበጠ የፈሳሽ ከረጢት። ከእነዚህ በተጨማሪ የማርቲንና የግሩበር መሻገሪያ ባላቸው ሰዎች ላይ የቅርንጫፉ ጉዳት የመዳፍን ትንንሽ ጡንቻዎች ጭምር ሊያሰንፍ፣ ሐኪሙንም ሊያሳስት እንደሚችል አስረዳ። የስፒነር ሥራ ለአናቶሚ ያለው ዋጋ አይቀነስም። ነገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ አንድ የአመክንዮ ክፍተት አለ። የጋንትዘር ጡንቻ በግማሽ ያህል ጤነኛ ክንዶች ውስጥ ይገኛል፤ የጅማት ሰቆቹም እንዲሁ በብዙ ሰው ላይ ያሉ ናቸው፤ በዚህ መጠን የተለመደ ነገር ብቻውን እጅግ ብርቅ የሆነ ሕመም መንስኤ ሊሆን አይችልም። ቀዶ ሐኪሙ ክንዱን ከፍቶ ያየው ሰቅ እውነተኛ ነው፤ ሰቁ ነርቩን ማሳመሙ ግን በማየት ብቻ አይረጋገጥም።

ጥርጣሬውን በግልጽ ያቀረቡት ሬነልስና ኦቾአ ናቸው። በ1980 ባሳተሙት ጽሑፍ የአንቲርየር ኢንተሮሲየስ ሽባነት መስሎ የታየ ሕመም በእርግጥ ፓርሰኔጅና ተርነር ያሉት የነርቭ ብግነት መገለጫ እንደነበር አስረዱ። ማስረጃው በዋናነት የመጣው ከኤሌክትሮማዮግራፊ ነው፤ ይህ ምርመራ ቀጭን መርፌ ወደ ጡንቻ በማስገባት የጡንቻውን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ሲሆን፣ ሐኪሙ በእጁ ሲፈትሽ ጤነኛ የመሰሉት የትከሻና የክንድ ጡንቻዎች በመርፌው ሲመረመሩ አንዳንድ ጊዜ የተጎዱ ሆነው ይገኙ ነበር። ከክርን በታች ያለ ሰቅ የትከሻን ጡንቻ ሊያሰንፍ ስለማይችል፣ እንዲህ ያለው ግኝት የጭቆናውን ትምህርት መሠረቱን ነካው።

በ1990 ሚለር ብሬስሎውና ባልደረቦቿ ቀዶ ሕክምና ያልተደረገላቸውን ሕመምተኞች ታሪክ ሲከታተሉ፣ የመሻሻል ምልክት በግማሽ ዓመት ውስጥ እንደሚታይና መዳኑም በአንድ ዓመት ገደማ እንደሚፈጸም አስተዋሉ። በ1996 ፈረንሳዊው ፖል ሴሮር ተመሳሳይ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። እነዚህ ጽሑፎች አንድ የማይመች ጥያቄ አስነሡ፦ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ክንዱ ተከፍቶ በስድስተኛው ወር ጣቱ የተንቀሳቀሰ ሰው የዳነው በቢላው ነው ወይስ በጊዜው? ከ1965 እስከ 1990 በቀዶ ሕክምና ዳነ ተብሎ የተመዘገበው ሕመምተኛ ብዙ ነው፤ ካልተከፈቱት ጋር የተነጻጸረው ግን እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ምስጋናው ያለ በቂ ማስረጃ ለቀዶ ሕክምናው መሰጠቱ አግባብ አልነበረም።

ያው 1996 ሁለት ሌሎች ታላላቅ ግኝቶችን አመጣ። በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ሱዋሬዝና ባልደረቦቹ በኒውራልጂክ አምዮትሮፊ ከታመሙ 4 ሰዎች የነርቭ ናሙና ወስደው፣ በውስጡ የሰውነት መከላከያ ነጭ የደም ሕዋሳት በነርቩ ትንንሽ የደም ሥሮች ዙሪያ ተከማችተው አገኙ፤ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን ነርቭ እንደሚያጠቃ የሚያመለክት ማስረጃ ነበር። በጃፓን ደግሞ አኪራ ናጋኖና ባልደረቦቹ ያለ አደጋ የሰነፉ ክንዶችን ከፍተው ከተለመደው ቦታ ከፍ ብለው፣ ከክርን በላይ፣ የመሃለኛውን ነርቭ ሽፋን ሲገልጡ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ለቅርንጫፉ የሚሄደው ጥቅል ብቻ፣ ከውጭ ምንም የሚጫነው ነገር ሳይኖር፣ እንደ አሸዋ ሰዓት ወገብ በአንድ ቦታ ሰልሎ፣ አንዳንድ ጊዜም ተጠምዝዞ ተገኘ። በአጠገቡ ያሉት ጥቅሎች ጤነኞች ነበሩ። በ1960ዎቹ የጃፓን ሐኪሞች ጣቶችን በሚዘረጋው የኋለኛው ነርቭ ላይ ተመሳሳይ ነገር አይተው ነበር፤ የናጋኖ ጽሑፍ ግን ለዚህ ሕመም አዲስ አድራሻ ሰጠ። ጥቅሉ ለምን እንደሚሰልል እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት ያለው አስተያየት በመጀመሪያ ብግነት ጥቅሉን ያሳብጠዋል፣ ከአካባቢው ጋር ያጣብቀዋል፣ ከዚያም ክንዱ በክርን ሲታጠፍና ሲዘረጋ የተጣበቀው ጥቅል ይጠመዘዛል የሚለው ነው።

የብግነቱ ቀስቃሽ ምን እንደሆነ ማጣራት የ21ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሆነ። በ2005 በክሮሞዞም 17 ላይ በሚገኘው ሴፕቲን 9 በተባለው ዘረመል ላይ የሚደርስ ለውጥ በቤተሰብ የሚወረሰውን የኒውራልጂክ አምዮትሮፊ ዓይነት እንደሚያመጣ ታወቀ፤ ለውጡን ከተሸከመ ወላጅ የሚወለድ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ነው። በ2006 ኔዘርላንዳውያኑ ኔንስ ፋን አልፈንና ባዚየል ፋን ኤንገለን የ246 ሕመምተኞችን ታሪክ ሲያሳትሙ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሕመሙ ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት አስቀድሞ አንድ ነገር እንዳጋጠማቸው ገለጹ፦ ኢንፌክሽን፣ ቀዶ ሕክምና፣ ወሊድ፣ ክትባት፣ ወይም ከተለመደው በላይ የሆነ የክንድ ድካም። ክትባት በዝርዝሩ መግባቱ ማንንም ሊያስፈራ አይገባም፤ ክትባት ከሚከላከላቸው ሕመሞች አንዳንዶቹ ነርቭን የሚጎዱት እጅግ በበለጠ መጠን ነው።

በ2007 ሲስኮና ዱማኒያን የሦስት ሰዎችን ታሪክ አቀረቡ፤ ሦስቱም በትከሻቸው ላይ በካሜራ የሚመራ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ሰነፈ። ቢላው ያረፈው ትከሻ ላይ፣ ስንፈቱ የታየው ጣት ላይ ነው። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ ነርቤን ቆረጠው ብሎ ያዝናል፤ ቀዶ ሕክምና በራሱ የመከላከያ ሥርዓትን ሊቀሰቅስ እንደሚችል ሲታወቅ ግን፣ ስንፈቱ ከቀናት በኋላ መጀመሩና ከሥቃይ ጋር መምጣቱ ወደ ብግነት ያመላክታል።

ሄፓታይተስ ኢ የተባለው የጉበት ቫይረስ በ2014 ያልታሰበ ተጠርጣሪ ሆኖ መጣ። በኔዘርላንድና በእንግሊዝ የተደረገ ጥናት በድንገት በኒውራልጂክ አምዮትሮፊ ከተያዙት ከ10 ሰዎች አንዱ ያህል በዚያው ጊዜ በቫይረሱ ተይዞ እንደነበር አሳየ፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱ ክንዶች አብረው ይጠቁ ነበር። በአውሮፓ ይህ ቫይረስ በዋናነት የሚተላለፈው በደንብ ባልበሰለ የአሳማ ሥጋ ሲሆን፣ በአፍሪካ የሚገኙት ዝርያዎች የሚዛመቱት በተበከለ ውኃ ነው። በዚያው በ2014 በጋምቤላ የስደተኞች መጠለያዎች የሄፓታይተስ ኢ ወረርሽኝ ታይቶ ነበር። የነርቭ ሕመሙ በብዛት የተጠናው ከአውሮፓው ዝርያ ጋር ቢሆንም፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነና በዚያው ወር ክንዱ የሰነፈን ሰው የሚመረምር ሐኪም ይህን ዝምድና ማስታወሱ ይጠቅማል።

ክርክሩን ከሁሉ በላይ ወደ እልባት ያቃረበው በ2014 በጀርመን የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ሚርኮ ፋምና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ሥራ ነው። ነርቭን በከፍተኛ ጥራት በሚያሳይ የኤም.አር.አይ. መሣሪያ በዚህ ሕመም የተያዙ 20 ሰዎችንና በዕድሜና በፆታ የተመጣጠኑ 20 ጤነኞችን ከላይ እስከ ታች አነሡ። ጉዳቱ በአብዛኞቹ የታየው ለ50 ዓመታት ሲፈለግበት በኖረው በታችኛው ክንድ ሳይሆን በላይኛው ክንድ፣ በመሃለኛው ነርቭ ዋና ግንድ ውስጥ ነበር፤ ከክርን ያለው ርቀትም በአማካይ ከ10 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። በግንዱ ውስጥ የተጎዱት ጥቅሎች ጥቂት ነበሩ፤ እነርሱም ወደ አንቲርየር ኢንተሮሲየስ ቅርንጫፍ የሚሄዱት ናቸው። ሽቶፌል የገመተው፣ ፓርሰኔጅና ተርነር ያዩት፣ ናጋኖ በቢላ ገልጦ ያገኘው ነገር ቆዳ ሳይነካ በሥዕል ታየ። በቀጣዩ ዓመት ፋን አልፈንና ባልደረቦቿ በኔዘርላንድ የቤተሰብ ሐኪሞችን አስተምረው ሕመምተኞችን ሲቆጥሩ፣ ኒውራልጂክ አምዮትሮፊ በዓመት ከ1,000 ሰዎች አንዱን ያህል እንደሚይዝ ገመቱ፤ ቀድሞ በመቶ ሺህ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይባል ነበርና፣ ብርቅነቱ በከፊል ካለማወቅ የመጣ እንደነበር ታየ።

ዛሬ የሚታወቁት መንስኤዎች እንግዲህ ሁለት ዐበይት ወገኖች ናቸው። ከአደጋ በኋላ የሚመጣው የስብራት፣ የስለት ቁስል፣ የጥይት፣ በክርን መታጠፊያ መርፌ ሲወጋ የሚፈስ ደም፣ የጠበቀ ጀሶ ወይም የብረት ማያያዣ ውጤት ነው፤ ያለ አደጋ የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው የነርቭ ብግነት ነው። የጅማት ሰቅ ወይም ተጨማሪ ጡንቻ በእርግጥ የሚጨቁንበት ሰው አልፎ አልፎ ይኖራል፤ ይህ ግን በምስል ወይም በምርመራ ሊረጋገጥ ይገባል። በተለይ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ባለባቸው ሰዎች ላይ የአውራ ጣት አጣፊ ጅማት በእጅ አንጓ አጥንት ተፍቆ ሊበጠስና ሽባነት ሊመስል ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ነርቩ ጤነኛ ነው፣ የሚጠገነውም ጅማቱ ነው።

ለሕመምተኛው የሚሰጠው ምክር ከመንስኤው ይከተላል። ክንዱ በስለት የተቆረጠበት ወይም አጥንቱ የተሰበረበት ሰው ሳይዘገይ ቀዶ ሐኪም ያስፈልገዋል። ያለ አደጋ፣ ከብርቱ የሌሊት ሥቃይ በኋላ ሁለት ጣቱ የሰነፈበት ሰው ግን በቅድሚያ የነርቭ ሐኪም ሊያየው፣ ኤሌክትሮማዮግራፊ ሊደረግለት፣ ነርቩም ከብብት እስከ እጅ አንጓ ድረስ በአልትራሳውንድ ወይም በኤም.አር.አይ. ሊታይ ይገባዋል፤ መሻሻሉ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ እንደሚችልም ከመጀመሪያው ቀን ሊነገረው ይገባል። በስድስት ወር ምንም እንቅስቃሴ ካልተመለሰና በምስል የሰለለ ጥቅል ከታየ ቀዶ ሕክምናው ይታሰባል፤ ሲታሰብም የሚከፈተው ጉዳቱ የታየበት ቦታ ነው።